መድኃኒት ደርሶ ሰው ያልደረሰበት ቤት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የሥራ መደብ ነው። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰውና ቤተሰቡን ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚከታተል፣ ከጤና ጣቢያው፣ ከቀበሌው፣ ከእድሩና ከሥራው ጋር የሚያገናኝ፣ ሕክምናው እንዳይቋረጥ የሚጠብቅ ሠራተኛ ማለቴ ነው። ኬዝ ወርከር የሚሉት አሉ፤ የማኅበረሰብ ተሐድሶ ሠራተኛ የሚሉትም አሉ። የማቀርበው ክርክር አንድ ነው፤ ይህ ሥራ በበጎ ፈቃድ ወይም በፕሮጀክት ዕድሜ የሚሠራ ጭማሪ ተደርጎ መቆጠሩ ይቅር፤ ደመወዝ፣ የቅርብ ተቆጣጣሪና ተጠያቂነት ያለው ቋሚ መደብ ሆኖ በየጤና ጣቢያው ይከፈት። ማስረጃዬ በአብዛኛው ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከጉራጌ ምድር፣ ከቡታጅራና ከሶዶ የተገኘ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

አስቀድመን መድኃኒቱ የት እንደ ደረሰ እንይ። የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆየ ተቋም ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከሐረርጌ፣ ከጎጃም ወይም ከጋሞ ታማሚ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ ብር ተበድሮ፣ ቀንና ሌሊት ተጉዞ ነበር የሚደርሰው። መድኃኒቱን ተቀብሎ ይመለሳል፤ ሲያልቅበት ግን ዳግመኛ መምጫ ያጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት ጠቅላላ የጤና ሠራተኞች የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ የሚያሠለጥን መርሐ ግብር በ2008 ሲያወጣ ኢትዮጵያ በ2010 በሙከራ ጀመረችው፤ በ2012ም አገር አቀፍ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ። በቡታጅራ አካባቢ ከ300 በላይ ሰዎችን አሳትፎ በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የታከሙ ጽኑ የአእምሮ ሕሙማን በሥነ አእምሮ ነርስ ከታከሙት ያነሰ ውጤት አላገኙም። ይህ ትልቅ ዜና ነው። ክኒኑና መርፌው አዲስ አበባን ሳይጠይቁ በቅርብ ጤና ጣቢያ በሚገባ ሊሰጡ እንደሚችሉ ተረጋግጧል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መድኃኒት ጤና ጣቢያ መድረሱና ሰው መዳኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቡታጅራ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። በዚህ መንገድ ካገኟቸው ጽኑ ሕሙማን መካከል 919ኙን ለአሥር ዓመት ተከታተሉ። እነዚህ ሰዎች ከቀረው የአገሪቱ ሕዝብ የተሻለ ዕድል የገጠማቸው ናቸው፤ በአቅራቢያቸው የአእምሮ ሕክምና ነበራቸው፤ የሚከታተላቸው የጥናት ቡድንም ነበር። በአሥሩ ዓመት ውስጥ 121ዱ ሞቱ። ይህ ከአካባቢው ሕዝብ የሞት መጠን በእጥፍ ይበልጣል፤ የሞቱትም ከሚጠበቀው ዕድሜ በአማካይ ሦስት አሥርት ዓመት ያህል ቀድመው ነው። እንዴት ሞቱ ተብሎ ሲጣራ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ራስን ማጥፋት፣ አደጋና ግድያም ከምክንያቶቹ ውስጥ አሉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሰውየው የሞተው በሚሰማው ድምፅ ወይም በጥርጣሬው ብቻ አይደለም። ሲያስለው ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ስላልነበረ፣ ትኩሳቱን ሲናገር «የዕብድ ወሬ» ተብሎ ስለታለፈ፣ ሰውነቱ ስለተጎዳ፣ ማንም ስላልቆጠረው ነው። ይህን ሞት የአእምሮ ሕመም ክኒን ብቻውን አይከላከለውም። የሚከላከለው ወደ ቤቱ ገብቶ ክብደቱ መቀነሱን፣ ሳሉ መቆየቱን፣ እግሩ መቁሰሉን የሚያይ ሰው ነው።

ስለ ረሃብም እንዲሁ መናገር አለብኝ፤ ከሁሉ በላይ የምንዘነጋው እርሱ ነውና። በቡታጅራ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ሕክምና የሚቋረጠው ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ጎልቶ የወጣው መልስ የምግብ እጥረት ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ቤት ውስጥ የሚጨመር እንጀራ ግን የለም። እናት ለአምስት ሰው ያዘጋጀችውን አንዱ ለብቻው ቢፈልገው ምን ታደርጋለች? ታማሚውስ ክኒኑን ከመዋጥና ሌሊቱን በረሃብ ሲገላበጥ ከማደር ማንኛውን ይምረጥ? በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናትም ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ከባድ የምግብ እጥረት ከሌላው ቤት በእጥፍ ያህል እንደሚበዛ አሳይቷል። ነርሷ በካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ብላ ትጽፋለች፤ የጻፈችውም እውነት ነው። እውነቱ ግን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ማወቅ የሚቻለው ማድ ቤቱን በማየት ነው። ያን ጊዜ መፍትሔው የምክር ቃል መጨመር አይሆንም፤ ቤተሰቡን በሴፍቲኔት ማስመዝገብ፣ የጤና መድን መዋጮ መክፈል ለማይችሉ በተመደበው ድጎማ ውስጥ ማስገባት፣ መድኃኒቱ ወይም መጠኑ እንዲለወጥ ከጤና መኮንኑ ጋር መነጋገር ይሆናል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ሰው ዛሬ በመዋቅራችን ውስጥ የለም።

ሦስተኛው ማስረጃ ስለ ሰንሰለት ነው። ሰውን በገዛ ቤቱ በሰንሰለት ወይም በገመድ ማሰር ጭካኔ ነው፤ በዚህ ላይ የማስተባበለው ነገር የለም። በሶዶ ወረዳ ስለዚሁ የተደረገ ጥናት ግን ቤተሰቦች የሚያስሩት ብዙውን ጊዜ አማራጭ ሲያጡ መሆኑን አስረድቷል። ለሕክምናው ገንዘብ የለም፤ ሰውየው ከቤት ወጥቶ ይጠፋል ወይም ጉዳት ይደርስበታል የሚል ፍርሃት አለ፤ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ማረስ፣ እንጨት መልቀም፣ ገበያ መሄድ አለበት። በዚያው ወረዳ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያዎች ከገባ በኋላ በዓመት ውስጥ የታሰሩ ሰዎች ቁጥር ከአንድ አራተኛ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል። ስለዚህ ሰንሰለቱን በስብከትና በወቀሳ ብቻ አንፈታውም። ነገር ግን ሕክምናው ከገባ በኋላም ከአሥር አንዱ በዓመቱ ውስጥ ታስሯል። መድኃኒቱ የደረሰበት ወረዳ ላይም ቢሆን ያልተፈታው ሰው የእኛ ጥያቄ ነው። ለእርሱ ደግሞ ቤተሰቡን የማይወቅስ፣ የታሰረውንም የማይረሳ፣ ዛሬ ለአንድ ሰዓት፣ ነገ ለግማሽ ቀን እየተፈታ እንዲቆይ ከቤተሰቡ ጋር የሚስማማ፣ በዚያ ሰዓት አብሮ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሰው ቢኖርስ ምን ይለወጣል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በዚሁ በሶዶ አካባቢ ተካሂዶ ውጤቱ በ2022 የታተመው የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሙከራ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውና ብዙ ተግባራቸው የተስተጓጎለ 166 ሰዎች በ48 ቀበሌዎች ተመረጡ። ሁሉም በጤና ጣቢያ ሕክምና ያገኛሉ፤ ግማሽ ያህሉ ግን በተጨማሪ ቤታቸው ድረስ የሚመጣ የተሐድሶ ሠራተኛ ተመደበላቸው። ሠራተኞቹ ሐኪሞችም ነርሶችም አልነበሩም፤ የአካባቢው ልጆች ሆነው ለአምስት ሳምንት የሠለጠኑ፣ ከዚያም በየጊዜው ክትትል የሚደረግላቸው ነበሩ። ለአንድ ዓመት ያህል ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ ሕመሙ አስረዱ፤ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ረዱ፤ ሰውየው ወደ መታጠብ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ለቅሶና ወደ ሠርግ እንዲመለስ ደረጃ በደረጃ ሠሩ፤ ከእድርና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተነጋገሩ። በዓመቱ መጨረሻ የሕሙማኑ የዕለት ተዕለት መስተጓጎል በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ከተረዱት ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ተአምር ነው ብዬ ልሸጥላችሁም አልፈልግም። ድህነቱ ከባድ በሆነበት፣ መድኃኒት በሚጠፋበት ቦታ አንድ ሠራተኛ ብቻውን የማይወጣው ነገር ብዙ ነው። ልዩነቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ከሕክምናው በላይ የተገኘ ጥቅም ነው፤ ያስገኙትም በአምስት ሳምንት ሥልጠና የተሰማሩ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ፤ ክብደት ያላቸው ናቸውና። የመጀመሪያው «ይህን ሥራ ቤተሰብና እድር ጥንትም ሲሠሩት ኖረዋል፤ ደመወዝተኛ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ቤተሰብ መሸከሙ እውነት ነው። የሚሸከመው ግን በአብዛኛው አንዲት ሴት ናት፤ እናት፣ ሚስት ወይም እህት። እርሷ ስትታመም ወይም ስታረጅ ሁሉም ይፈርሳል። የታመመችው ሚስት ስትሆን ደግሞ ወደ ወላጆቿ ቤት ትላካለች፤ ትዳሯም ብዙውን ጊዜ በዚያው ይቀራል። በለንደን ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ነቀፋና ብስጭት ወደ በዛበት ቤት ሲመለስ ሕመሙ ቶሎ ያገረሽበታል። ያ ብስጭት ክፋት አይደለም፤ የደከመ ቤት ድምፅ ነው። ለቤተሰብ ትምህርትና እፎይታ ሲሰጥ ማገርሸቱ እንደሚቀንስ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተረጋግጧል። ስለዚህ ሠራተኛዋ የቤተሰብን ቦታ አትወስድም፤ ቤተሰቡ ራሱ የእርዳታው ተቀባይ ነው። እድሩም ቢሆን ለሞት የተዘጋጀ ጠንካራ ማኅበር ነው፤ መዋጮውን መክፈል ያቃተውን ታማሚ በዝርዝሩ ላይ እንዲያቆየው፣ ከቻለም ለመድኃኒት መመላለሻ እንዲያግዘው የሚያሳስበው ሰው ይፈልጋል። የእድሩ ዳኛ ፈቃደኛ ነው፤ ጉዳዩን ወደ እርሱ የሚያመጣለት ግን የለም።

ሁለተኛው «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉልን» የሚል ነው። ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው ይህ መርሐ ግብር ከአገራችን ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችም ተሠማርተውበታል። ክትባት፣ የእናቶች ጤና፣ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ሪፖርት ሁሉ በእነርሱ ላይ ነው። ታማሚን ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይችላሉ፤ ይህን እያደረጉም ነው። ጽኑ ሕመም ያለበትን ሰው ግን በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ መከታተል የሌላ ሰው ሥራ ነው። በተጫነ ትከሻ ላይ ስም ብቻ መጨመር ሥራው እንዳልተሠራ እንዳናውቅ ያደርገናል፤ በወረቀት ላይ ተሸፍኗል እንላለን፤ በቤቱ ግን ማንም የለም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የሚያነሡት ሐኪሞች ናቸው፤ «በአምስት ሳምንት የሠለጠነ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ምሥጢርም ያባክናል» ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። በትንሽ ቀበሌ የሠራተኛዋ እግር ደጁን ሲረግጥ ጎረቤት ይጠይቃል፤ አንድ ቃል ከአፏ ብታመልጥ የአንዲት ልጅ የጋብቻ ዕድል ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው መደቡ መደበኛ ይሁን የምለው። በጎ ፈቃደኛን በምን ትጠይቀዋለህ? ውል ያላት፣ በየሳምንቱ ከሥነ አእምሮ ነርስ ጋር ጉዳዮቿን የምትገመግም፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ግፍ ስታይ በዚያው ቀን ለማን እንደምታሳውቅ የምታውቅ፣ ማን ማወቅ እንዳለበት ታማሚውን አስቀድማ የምትጠይቅ ሠራተኛ ግን ትጠየቃለች። የምትከታተላቸው ቤቶች ቁጥርም ገደብ ይኑረው፤ ብዙ ቤት የተጫነባት ሠራተኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራዋ ቅጽ መሙላት ብቻ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ታሪክም የምንማረው አለ፤ ትምህርት ቤቱ በ1959 ተከፍቶ በአብዮቱ ዘመን ተዘጋ፤ ዳግመኛ የማስተርስ ትምህርት የጀመረው በ2004 ነው። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት በሙያው ላይ የጎደለ ትውልድ ትተው አልፈዋል። ዛሬ ግን ተመራቂዎች አሉን፤ እነዚህን ሠራተኞች ማሠልጠንና መቆጣጠር የሚችሉት እነርሱ ናቸው።

ስለ ፀበልም ዝም ብዬ አላልፍም። ከአእምሮ ሕመም ጋር የሚታገል ቤተሰብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ፀበል፣ ወደ ዱዓ ወይም ወደ ባህል ሐኪም ነው። አንዳንድ ባለሙያ ይህን ጠላት አድርጎ ያየዋል፤ ተሳስቷል። በኤች አይ ቪ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ መድኃኒታቸውን ጥለው ፀበል የገቡ ብዙዎች ነበሩ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 መድኃኒቱንም ፀበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ የብዙ ሰው ጭንቀት ቀለለ። ፀበሉ ዘንድ ያለችው ታማሚ ክኒኗን እንዳትጥል፣ እንዳትመታ፣ እንዳትታሰር ከአጥማቂው ጋር በትሕትና የሚነጋገር ሰው ከተገኘ እምነቷና ሕክምናዋ አይጋጩም። ይህንንም ከቢሮ ሆኖ ማድረግ አይቻልም።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ገንዘብ የለንም» የሚለው ነው። ለዚህ ሁለት ታሪኮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላት ሕግ ፈረሙ። 1,500 ማዕከላት ይቋቋማሉ ተባለ፤ የተቋቋሙት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ባዶ ሲደረጉ በሰፈር የሚቀበላቸው ሠራተኛ ያልነበራቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ጎዳና ላይና እስር ቤት ተገኙ። ሀብታም አገርም ብትሆን በሕሙማንና በሰፈራቸው መካከል ሰው ካላቆመች ዋጋውን በሌላ በኩል ትከፍላለች። ሁለተኛው የእኛው ነው። በ2005 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በየጤና ተቋሙ ኬዝ ማናጀሮችና ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ደጋፊዎች ተቀጠሩ፤ የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው አመጡ፤ መድኃኒት መቀጠል ምን እንደሚጠይቅ አገሪቱ ከእነርሱ ተማረች። ሥራውን ማሠራት እንደምንችል ያስመሰከርነው ያኔ ነው። ነገር ግን በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በዚያው ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ክህሎቱ ነበረን፤ መደቡ ግን የእኛ አልነበረም። የአእምሮ ጤና ሠራተኛውንም በፕሮጀክት ብቻ ብንቀጥር መጨረሻው ይኸው ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሚተወው ደግሞ ሰውን ማመን ገና የጀመረ ታማሚ ነው።

ደግሞም በአፍሪካ ምድር አዲስ ነገር እየጠየቅን አይደለም። ናይጄሪያዊው ሐኪም ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ በ1954 በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ ሕሙማንን ከቤተሰባቸው ጋር በመንደሮች አሳድሮ ማከም ጀመረ። ዚምባብዌ ውስጥ በዲክሰን ቺባንዳ የተመራው ሥራ በጤና ጣቢያ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጭንቀትና ድብርት ያለባቸውን የሚያነጋግሩ፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ የሠለጠኑ የሰፈር ሴቶች ውጤት እንደሚያመጡ በ2016 በታተመ ጥናት አሳይቷል። ሶዶም ለጽኑ ሕመም ያንኑ አሳይታለች። ማስረጃው በእጃችን ነው፤ ተጠንቶ የተገኘው በራሳችን ሕዝብ መካከል፣ በራሳችን ቋንቋ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁት የወረዳና የክልል አመራሮች ነው። የሚቀጥለው በጀት ሲዘጋጅ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ አንድ የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ሠራተኛ መደብ ከነደመወዙ፣ ከነመጓጓዣውና ከነተቆጣጣሪው ይጻፍ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥልጠናውን አዘጋጁ፤ በሶዶ የተሞከረው መነሻ ይሆናችኋል። የእድር ዳኞች ዝርዝራችሁን ተመልከቱ፤ ለቅሶ ላይ ከቀሩ የቆዩት እነማን እንደሆኑ እናንተ ታውቃላችሁ። ሠራተኛዋ ስትቀጠር መጀመሪያ የምትጠይቀው እናንተን ነው፤ ስማቸውን አዘጋጅታችሁ ጠብቋት።